የእመት ጃንጥላ ፊት

ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው። የመጨረሻ ልጅ ሆና ስትወለድ ወጣላት፤ ዛሬ ፀጉሯ ከፊት ሸብቶ፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ቀጭ ቀጭ እያለም ሚጢጢ ናት። ታላቅ ወንድሟ በስልክ "ሚጢጢዬ፣ እንዴት ናችሁ" ይላታል። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ "ሚጢጢ፣ ለአባባ ለስላሳ ብስኩት መጥቷል" ይላታል። ሐኪሙ እንኳ፣ ያ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ፣ ካርድ ላይ የተጻፈውን ስም ትቶ "እሺ ሚጢጢ፣ እጃቸው እንዴት ሰነበተ?" ይላታል። እሷም ለሁሉም አቤት ትላለች። ምን ታድርግ?

የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እሷና አባቷ። ሁለት ክፍልና አንድ ኮሪደር። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ የምትመለሰው ሁልጊዜ ሚጢጢ ናት፣ አባቷ በምርኩዝ ስለሚሄዱ የኋላ ማርሽ የላቸውም። ይሄን ቀልድ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የጦር አውሮፕላን መካኒክ ስለነበሩ ስለ ሰውነታቸው ሲናገሩ ስለ ሞተር የሚያወሩ ይመስላሉ። ጉልበቴ ዘይት ጨርሷል ይላሉ። ጆሮዬ ፊውዙ ተቃጥሏል ይላሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ቆይቷል፤ ሾርባው ከሳህን ተነሥቶ አፋቸው እስኪደርስ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የምታበላቸው ሚጢጢ ናት፣ እሳቸውም "ሙዪው" እያሉ እንደ ነዳጅ ጋን አፋቸውን ይከፍታሉ። እንዲህ ስታዩዋቸው ደስ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ናቸውም፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

ሚጢጢ ባለሙያ ናት። የሳህንና የኩባያ ፋብሪካ ውስጥ የብሩሽ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሳህኑ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ይዞራል፣ የእሷ ብሩሽ ንቅንቅ አይልም፤ ጠርዙን የምትከብበው ወርቃማ መስመር ዞሮ ራሱን ሲገናኝ መጋጠሚያውን ፈልጎ ያገኘ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ከዚያ ፋብሪካው ተለጣፊ አበባ አመጣ። አበባው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ልጥፍ ይደረጋል፣ አለቀ። የብሩሽ ክፍል ሴቶች አንድ ላይ ተሰናበቱ፣ ክፍላቸውም የካርቶን መጋዘን ሆነ። በዚያው ሰሞን እናቷ አረፉ፤ አባቷ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። "እስኪሻላቸው" ብላ የተከራየችውን ክፍል ለቀቀችና ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። አባትየውም አልተሻላቸው፣ አልባሰባቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እስኪ በየት በኩል ጥሎ ይኬዳል?

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዳይወራበት። ሰፊ ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ሚስቱም ለአባትየው የጓሮውን ክፍል አዘጋጅታ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅላለች። ነገር ግን ስለ መምጣታቸው በተነሣ ቁጥር "እኔማ ደስ ይለኛል፣ ግን አባባ ከማንም በላይ የሚግባባው ካንቺ ጋር ነው" ይላል። ሚጢጢ መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ምስጋና መስሏት ደስ ይላት ነበር። በኋላ ገባት። አንድን ሰው ቤት ውስጥ ዘግቶ ለማስቀመጥ "ካንቺ ሌላ ማን ያውቅበታል" ከሚለው የተሻለ ቁልፍ አልተሠራም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ።

ነገሩ የተለወጠ የመሰለው በአባትየው ልደት ነው። ወንድሟ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ሲከፈት የፕላስቲክ ሞዴል ነው፤ አባታቸው በጦርነቱ ጊዜ ሲፈቱትና ሲገጥሙት የኖሩት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ ከጥፍር የሚያንስ መሪው ለብቻ። ሽማግሌው የካርቶኑን ሥዕል ሲያዩ አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና በሁለቱ ልጆቻቸው ፊት ቃል ሰጡ። "ይቺ ተሠርታ ትለቅ። እሷን ይዤ አንተ ቤት እገባለሁ። ሚጢጢም የራሷን ኑሮ ትኑር" አሉ። ወንድምየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሚጢጢ ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

እውነቱን ለመናገር ያ ጊዜ መልካም ጊዜ ነበር። አባትየው እጃቸውን ጭናቸው መሀል አጣብቀው ይናገራሉ፣ እሷ በወረንጦ ይዛ ታጣብቃለች። ከሞተሩ ኋላ ያለችው ቱቦ ለምን እንደተጣመመች፣ የትኛው ጎማ ሲያርፍ እንደሚንሸራተት፣ ክረምት ላይ ብሎን ሲፈቱ ጣታቸው ብረቱ ላይ እንዴት ተጣብቆ እንደቀረ ያወሩላታል። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ትሠራለች። ክንፎቹ ቆሙ፣ እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑት መትረየሶች ገቡ፣ አረንጓዴው ቀለም ደረቀ። የቀረው አፍንጫዋ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ሆነ።

እውነተኛዋ አውሮፕላን አፍንጫዋ ላይ፣ ከአብራሪው መስኮት ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ሴት ተሥላባት ነበር። ቦምብ ላይ እንደ አግዳሚ ወንበር እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታለች። ወታደሮቹ እመት ጃንጥላ ይሏታል። ጥይቱ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ እሷ አትረጥብም፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሣላት የጦር ሠፈሩ ወጥ ሠሪ ነው፤ ከማማሰያ ሌላ ብሩሽ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነበር አሉ። ከጦርነቱ በኋላ አውሮፕላኗ ተቆራርጣ ለብረት ሄደች። ፎቶዋ የለም። እመት ጃንጥላ ዛሬ ያለችው በሚጢጢ አባት ራስ ውስጥ ነው፣ ትክክል ናት አይደለችም ብለው የሚፈርዱትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሞዴሏ ላይ ሴትየዋ ከነጃንጥላዋ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ታልቃለች። ፊቷ ከምስር ያንሳል። ሚጢጢ ከብሩሹ ፀጉር ላይ በምላጭ እየቀነሰች ጥቂት ብቻ አስቀረች፤ ትንሿን ጣቷን ክንፉ ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ትነካለች፣ ተንፍሳ ደግሞ ትይዛለች። ብርሃኑ ከግራ መምጣት ስላለበት የምትቀመጠው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው፤ አባትየው በመስኮቱ በኩል የአውቶቡስ መናኸሪያውን ያያሉ፣ እሷ የምታየው የተላጠ ቀለም ነው። ረዳቶቹ የየከተማውን ስም እየጠሩ ሲጮኹ በጆሮዋ ትሰማለች። እንዲህ ባለ ትንሽ ሥራ ላይ ዓይን አይሣልም፤ ዓይን ያለበት ቦታ ላይ ጥላ ጣል ይደረጋል፣ የቀረውን የሚያየው ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። ሥዕሉ ሲደርቅ ደግሞ እንዳይጠፋ ቫርኒሽ ይቀባል። ግን ፋብሪካ እያለች ተቆጣጣሪው "ይለፍ" ሳይል ምንም ነገር አይታሸግም፤ ያ ልማድ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቫርኒሹን ከመቀባቷ በፊት ለአባቷ ታሳያለች።

የመጀመሪያዋን በአጉሊ መነጽር ብዙ አዩዋት። መነጽሩን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አዩ።

"አይደለችም" አሉ። አንገቷ ረዝሟል። ከዚያ ጥጥ አነሡ፣ ቲነር ነከሩ፣ አጠፏት። ማንኪያ እስከ አፍ ማድረስ የሚያቅተው እጅ ለማጥፋት አላቃተውም።

ይሁን አለችና እንደገና ሠራች። ሁለተኛዋ ጃንጥላዋን ያዘነበለችው ነፋሱ በማይመጣበት በኩል ነው ተባለ። ሌላዋ ፈገግታዋ የባለሱቅ ፈገግታ ሆነ። ከዚያ ትከሻ ነው፣ ከዚያ ጉልበት ነው፣ አንዴማ "ይቺ ያገባች ትመስላለች፣ እመት ጃንጥላ አላገባችም" ብለው አጠፉ። ሚጢጢ በዚህች ሳቀች። ምክንያቶቹ ሁሉ የባለሙያ ምክንያት ይመስላሉ፤ እሷም ባለሙያ ስለሆነች ታምናለች። ጥጡ ቢጫና ቀይ ሆኖ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል፣ እሷ ነጩን ቀለም ከሥር ታስገባና እንደ አዲስ ትጀምራለች። እያደር ሴትየዋ በሕልሟ መምጣት ጀመረች፣ እዚያም ፊት የላትም።

በመሀል ሳቂታ ደወለች። ሳቂታ የብሩሽ ክፍል ጓደኛዋ ናት፤ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ስትስቅ ተይዛ ታውቃለች። ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና በሌላ ከተማ በእጅ የሚሣል ሳህን መሥሪያ ከፍታለች፣ ሰው ተለጣፊው አበባ ስለሰለቸው ሥራው በዝቶባቸዋል። አዲስ ምድጃ ሊለኩሱ ነው። የብሩሽ ክፍሉን የሚመራ ሰው ያስፈልጋል፣ ፎቁ ላይ መስኮት ያለው ክፍል አለ። ካንቺ ሌላ ሰው ማስገባት አልፈልግም፣ ግን ምድጃው ከተለኮሰ አይጠብቅም አለቻት። ሚጢጢ ስልኩን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። 

"ፊቷ ብቻ ነው የቀረኝ" አለች። "ፊቷ እንዳለቀ እመጣለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሠራቻት እመት ጃንጥላ ከሁሉም የተለየች ሆነች፤ የሠራ ሰው ያውቃል። አባቷ ባለፉት ወራት ያሉትን ሁሉ፣ የቅንድቡን፣ የአገጩን፣ የትከሻውን፣ አንድ በአንድ አስባ አስገባችው። አባትየው ግን ዓይኔ ደክሟል ነገ አየዋለሁ አሉ። በማግሥቱ እንግዳ መጣ።

እንግዳው ጋሼ ጭራ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የዚያችው አውሮፕላን የኋላ ተኳሽ ስለነበሩ፣ መቀመጫቸውም ጭራው ላይ ስለሆነ፣ ልጆች እያሉ ሚጢጢና ወንድሟ ያወጡላቸው ስም ነው፤ ራሳቸውም ወደውታል። በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ዓይናቸውን በቅርቡ ታክመው ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖባቸዋል፤ ገና ሳይቀመጡ የግድግዳውን ቀለም ነቀፉ። ከዚያ አውሮፕላኗን አዩ። አጉሊ መነጽሩን ራሳቸው አነሡና ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው ሚጢጢ ማልቀሳቸውን ያወቀችው።

"እሷው ናት" አሉ። "የወጥ ሠሪው አክስት። ይቺን አገጭ የት አገኘሻት፣ ልጄ?"

ያ ወጥ ሠሪ ያሳደገችውን አክስቱን እንጂ የሌላ ሴት ፊት መሣል አይችልም ነበር፤ ጦርነቱን በሙሉ የሰው አክስት ይዘን ነው ስንበር የነበረው ብለው ሳቁ፣ አለቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። ሚጢጢ አባባ እንደነገሩኝ ነው የሠራሁት አለች። አባትየው በዚህ መሀል ኩላሊትህን እንዴት አደረገህ ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት። ጋሼ ጭራ ሲሄዱ በር ላይ የሚጢጢን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እሷ በሩን ስትዘጋ አልቋል፣ አልቋል እያለች ነበር በልቧ።

ስትመለስ አባትየው አውሮፕላኗን ወደ ራሳቸው ስበዋል።

"እሱ ምን ያውቃል?" አሉ። "ጦርነቱን የጨረሰው ጭራ ላይ ተቀምጦ ነው። አፍንጫዋን የት አይቶ?"

ሚጢጢ ሳቀች። ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፣ እውነትም የሚያስቅ ነበር። ሳቋ ሳያልቅ የአባቷ እጅ ወደ ጥጡ ሲሄድ አየች። ያዘችው። አባቷን በኃይል ነክታ አታውቅም፤ አንጓቸው በጣቶቿ መሀል እንደተያዘች ጫጩት ይንፈራገጣል።

"ናት ወይስ አይደለችም?" አለች።

"አንገቷ..."

"አንገቷን ተወው። ናት ወይስ አይደለችም?"

አንቱታው ከአፏ ሲጠፋ ሁለቱም ሰሙት። አባትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"የመጀመሪያዋም እሷ ነበረች" አሉ።

ሚጢጢ እጃቸውን ለቀቀች። እሳቸው ወደ መናኸሪያው እያዩ ተናገሩ። "ካለቀች ትሄጃለሽ። ወንድምሽ ቤት ጥሩ ክፍል አለ፣ አይቼዋለሁ። መደርደሪያ ሠርተዋል። አንዱ ላይ እሷን ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ላይ እኔን።" ከዚያ ደግሞ "አንቺስ ብትሆኚ? አንድ ቀን ቫርኒሽ ቀብተሽ ብታሳዪኝ እኔ ምን አደርግ ነበር?" አሉ።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ያቃጠለቻት። ያታለሏት ሳያንስ ቁልፉ አንቺው ጋ ነበር ይሏታል እንዴ? ሚጢጢ ተናደደች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ተናድዳ አታውቅም። ያን ሁሉ ፊት፣ ያን ሁሉ የተያዘ ትንፋሽ፣ ግድግዳ እያየች ያሳለፈችውን ጊዜ አሰበች። ሌላኛው ክፍል ገባችና ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። አቧራው አስነጠሳት። ወንድሟ ጋ ደውላ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት መኪና ይዘህ ና፣ አባባን ትወስዳለህ አለችው። ቅዳሜ እኮ ትንሽ ጉዳይ ብሎ ሲጀምር "ቅዳሜ" አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቶ ስለማያውቅ እሺ አለ። ሳቂታ ጋ ደወለች። ሳቂታ ሳቀች፣ ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ አልጋሽን ልጠርግ ብላ ስትሮጥ ተሰማት።

ቅዳሜ እስኪደርስ ቤቱ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ሚጢጢ ታበላለች፣ አባትየው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ሙዪው አይሉም። የሚገርመው እሷ ቀለል ብሏታል። መስኮቶቹን ጠረገች፣ የአበባ ማሰሮዋን ለጎረቤት ሰጠች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፣ ጉልበቷም ዝም አለ። ንዴት እንዲህ ያቀላል እንዴ? ልትራራ ስትል ቲነር የነካውን ጥጥ ታስባለች፣ ርኅራኄው ይጠፋል። አባቷን ቀና ብላ አታያቸውም፣ ቀና ብላ ካየች ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት የአውቶቡስ ቲኬቷን ልትቆርጥ ስትወጣ አባትየው ከክፍላቸው ጠሯት። ቫርኒሹ የት ነው አሏት። ነገር ሊወጓት መሰላት። ቁም ሳጥን ውስጥ ብላ፣ ዞር ሳትል፣ በሩን ዘግታ ወረደች።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነበር። አንዱ ከቀለሞቹ ጋር የመጣው፣ ለፕላስቲክ የሚሆነው፣ ሽታ የሌለው ትንሽ ጠርሙስ። ሌላው በሩ በታደሰ ጊዜ አናጢው ትቶት የሄደው ቆርቆሮ። በወጣትነቱ እውነተኛ አውሮፕላን ሲያክም የኖረ መካኒክ የትኛውን እንደሚያነሣ መጠየቅ አያስፈልግም። ለእሳቸው ቫርኒሽ ማለት ብረት ላይ የሚቀባ፣ ነፋስና ነዳጅ የሚችል፣ ክዳኑ ሲከፈት ዓይን የሚያስነባ ነው። ያቺ ትንሽ ጠርሙስ ለእሳቸው የጥፍር ቀለም ናት።

ሚጢጢ ቲኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ ስትመለስ ሽታው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀበላት። ሮጣ ወጣች።

አባትየው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የክት ኮታቸውን ለብሰዋል፣ አንዱን ቁልፍ ዘለው ስለቆለፉት በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጃቸውን በሱሪያቸው ቀበቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስረውታል፤ አንጓው ላይ ጠምጥመው፣ በጥርሳቸው ስበው፣ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አጥብቀውታል። ከታሰረው እጅ ጣቶች መሀል ብሩሹ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እፊታቸው አውሮፕላኗ አለች። አፍንጫዋ ላይ ቀለሙ እንደ ተፈላ ወተት ቆዳ ተጨማዶ ተሰብስቧል፣ ቢጫው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ ፕላስቲኩ ራሱ ሟሙቶ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ፊት የሚባል ነገር የለም።

እሳቸው ግን አውሮፕላኗን አያዩም። እጃቸውን ነው የሚያዩት።

"አልተንቀጠቀጠም እኮ" አሉ። "ቀጥ አድርጌ ነው የቀባሁት።"

ከዚያ አውሮፕላኗን አዩ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።  "ልሸኝሽ ብዬ ነው" አሉ። "አሽጌያት፣ ማንም እንዳይነካት፣ እኔም ጭምር። ይሄኛውን በእናትሽ አፈር፣ ሆን ብዬ አይደለም።"

ሚጢጢ ውሸት ፈለገች። ቆርቆሮውን አየች፣ ብሩሹን አየች፣ ፊታቸውን ልክ በአጉሊ መነጽር እንደሚታይ ነገር አየች። አንዲት የተንኮል ምልክት ብታገኝ፣ የከንፈር ጥግ እንኳ ብትሆን፣ ሻንጣዋን አንሥታ ትወርድ ነበር። ከልቧ ነው የፈለገችው። ካልሟሟው ዳር ላይ የብሩሹ አካሄድ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ዓይነት፣ ጎን ለጎን የተኛ ነበር፤ እንደዚያ የሚቀባ የሚያጠፋ ሰው አይደለም። አጣች።

ቀበቶውን ፈታችላቸው። አንጓቸው ላይ ቀይ ክብ ወጥቷል። እጃቸው እንደተለቀቀ መንቀጥቀጡን ቀጠለ።

ከታች የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው። አባትየው ምርኩዛቸውን ፈለጉና ተነሡ። "በይ" አሉ። "አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ። ሥዕል ምን ያደርጋል፣ እንዲሁ ይዣት እሄዳለሁ። መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ አዞራታለሁ፣ ማን ያያል?" ከልባቸው ነበር። አውሮፕላኗን በብብታቸው ሸጉጠው፣ እየተንገዳገዱ፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ።

ሚጢጢ መስኮቱን ከፈተች። ወንድሟ አንገቱን ከመኪናው አውጥቶ ወደ ላይ ያያል።

"ዛሬ አይሆንም" አለችው።

"ታዲያ መቼ?" አለ።

መስኮቱን ዘጋች። መኪናው ትንሽ ቆየ፣ ለይሉኝታ ያህል፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ሳቂታ ጋ ደወለችና ለምድጃው አትጠብቂኝ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው አለቻት። ሳቂታ አልጋውን አንጥፌው ነበር እኮ አለች። ሚጢጢ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።  አውሮፕላኗን ከአባቷ ብብት ወሰደች፣ ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ አድርጋ አስቀመጠች፣ ወንበሯን ሳበች። የሟሟው ፕላስቲክ ተሞርዶ፣ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ ለስልሶ፣ ነጭ ተቀብቶ ነው ከዚያ በኋላ ስለ ፊት የሚታሰበው።

አባትየው ኮሪደሩ አፍ ላይ በዚያ በተዛነፈ ኮታቸው ቆመው ያዩዋታል። ግራ ገብቷቸዋል።

"ለምን?" አሏት። "ፈቅጄልሽ አልነበረም? እውነቴን ነው እኮ፣ ሚጢጢ።"

"አውቃለሁ፣ አባባ" አለች፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ለሁለት እየቀደደች። "ቢዋሹኝ ኖሮ ሄጄ ነበር።"